ለምረቃ የተዋስነው ፈረስ

ሰው በዕድሜው ብዙ ነገር ይሆናል፤ እኔ አንድ ቀን ፈረስ ሆኛለሁ። አትሳቁ። ወይም ሳቁ፣ ዛሬ እኔም እስቃለሁ። ያን ቀን የነበረኝን ንዴት ግን ዘንገና ሐይቅ ውስጥ ቢጥሉት ሐይቁ እንደ ሽሮ ይንተከተክ ነበር።

ጊዜው ሁለት ሺህ አምስት ወይም ስድስት ዓመተ ምሕረት፣ ወሩ ሰኔ ነው። እኔ አንጓች ያኔ እንጅባራ ገበያ ዳር ልብስ ሰፊ ነበርኩ። ሰፊ ነበርኩ እላለሁ እንጂ ሥራዬ ወሬ ነበር፤ ቀሚስ ሊያሳጥር የመጣ ሰው ሲስቅ ውሎ ቀሚሱን ረስቶ ይሄዳል። ባሌ «አንቺ ዝም ያልሽ ቀን ሰዉ መብራት የጠፋ ይመስለዋል» ይለኝ ነበር። ለቅሶ ቤት እንኳ እኔ ከገባሁ አልቃሿ ትቸገራለች።

«ደራሽ እናቶች» የምትባል ማህበር ነበረችን። ዘጠኝ ሴቶች ነን። ሁላችንም አንድ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠን እንሰበሰባለን፤ እኔ ስቀመጥ ግን ከወዲያኛው ጫፍ አንዷ ትወድቃለች። ጧሪ የሌላቸውን አሮጊቶች ልብስ እናጥባለን፣ ግድግዳቸውን እንመርጋለን፣ አራስ እንጠይቃለን። ሊቀመንበራችን እትዬ ዘውድነሽ ጡረታ የወጡ አስተማሪ ናቸው። ስማችንን እየጠሩ ሲያናግሩን ዛሬም የቤት ሥራ ያልሠራን ይመስለናል።

የማህበራችን ኩራት ጋሪዋ ነበረች። ከቀርከሃ ጣሪያ ሠራንላት፣ ፍራሽ አነጠፍንባት፣ ምጥ የያዛትን ወይ የታመመችን እናት ከገጠር ወደ ጤና ጣቢያ እንድታመጣ አደረግናት። የሚጎትታት ቡሌ የሚባል ፈረስ ነው። ቡሌን ላላየው ሰው ማስረዳት ይከብዳል። ጎድኑ ከሩቅ ይታያል፣ አንድ ጆሮው ተቀዷል፣ ቆሞ ላየው ሰው ነፍሱ ከወጣች የሰነበተች ይመስላል። ነገር ግን የጋሪ እንጨት ጎኑን ሲነካው ይነቃል። መኪና የሚውጠውን ጭቃ እሱ እንደ ካህን ረጋ ብሎ ያልፈዋል። ነጂው ታደለ «ቡሌ አያምርም እንጂ አይቆምም» ይል ነበር።

በየገጠሩ፣ ቅዳሴ ሲወጣ እየጠበቅን፣ ለባሎች ሰብከናል። «ሚስታችሁን በቃሬዛ አታንገላቱ፤ ደውሉልን፣ ጋሪው ይመጣል» ብለናል። እኔ ደግሞ ማጋነን ስለምወድ «ስልኩን ሳትዘጉት ደጃችሁ ላይ ታገኙናላችሁ» እላለሁ። ሰዉ አመነን። ጋሪዋም ስትሄድ ስትመለስ፣ ስትሄድ ስትመለስ ከረመች።

እንግዲህ ሰኔ መጣ። ሰኔ ሪፖርት የሚዘጋበት ወር ነው፤ ያልተመረቀ ነገር ሁሉ የሚመረቅበት ወር ነው። አቶ ምናለ የሚባል አስተባባሪ፣ ጫማው ጭቃ የማይነካው ሰው፣ ስብሰባችን ላይ ብቅ አለ።

«ጋሪያችሁ አልተመረቀችም አሉ።»

«እየሠራች ነው» አልነው።

«ያልተመረቀ ሥራ ሪፖርት አይገባም። ሪፖርት ያልገባ ደግሞ እንዳልተሠራ ነው።»

«ታዲያ እስከ ዛሬ የመጡት እናቶች በምን መጡ? በደመና?» አልኩት።

«ወይዘሮ አንጓች፣ ቀልዱን ተይው። ትልቅ እንግዳ ነው የሚመጣው።»

ትልቅ እንግዳ ሲባል እትዬ ዘውድነሽ ነጠላቸውን አስተካከሉ። ያን ጊዜ ማወቅ ነበረብን። በአንድ ሳምንት ውስጥ ጋሪዋን ነጭና ቀይ ቀለም ቀባናት። በእንጅባራ ሰኔ ቀለም አይደርቅም፤ በእንጅባራ ሰኔ ሬሳም ቢሆን አይደርቅም። እኔ ለዘጠኛችን አንድ ዓይነት ቀሚስ ሰፋሁ። ሁሉ ነገር አማረ። ያላማረው ቡሌ ብቻ ነው።

«እንግዳው ይህን ሲያዩ ምን ይላሉ?» አሉ እትዬ ዘውድነሽ። «ማህበሩ ፈረስ ማብላት አቅቶት እናት ያበላል ይሉናል።»

ሁላችንም እውነት መሰለን። አገራችን የፈረስ አገር ነው። እዚህ ሰው ሚስቱን ያለ ነጠላ ያሳያል እንጂ ፈረሱን ያለ ጌጥ አደባባይ አያወጣም። ጎስቋላ ፈረስ ይዞ እንግዳ ፊት መቆም ለእኛ ራቁት እንደ መቆም ነው። ስለዚህ ሌላ አገር ያለ ሰው የማያስበውን ነገር አሰብን፤ አጨብጭበን የሽማግሌውን የአያ አለኸኝን አምባላይ ተዋስን።

አምባላይ ነጭ ፈረስ ነው። የአያ አለኸኝ ግን ነጭ ብቻ አይደለም፣ ሲራመድ መሬቱን የሚንቅ ፈረስ ነው። በጥር ጊዮርጊስ፣ ፈረሰኞች ሜዳ ላይ ሲወጡ፣ ሴቱ ሁሉ እልል የሚለው ለእሱ ነው። አያ አለኸኝ መጀመሪያ እምቢ አሉ።

«የጋሪ እንጨት ጎኑን ነክቶት አያውቅም። ውርደት ነው።»

«ለመቆም ብቻ ነው አያ» አሏቸው እትዬ ዘውድነሽ። «ሪባን እስኪቆረጥ።»

«ቆሞ ብቻ?»

«ቆሞ ብቻ።»

«ይሁን። ስንዝር ቢጎትት ግን እኔና እናንተ በአንድ ደጀ ሰላም አንገናኝም።»

ቡሌንስ? ቡሌን እንግዳው እንዳያዩት ከነጂው ከታደለ ጋር ግምጃ ቤት ወደምትባለው ጎረቤት ከተማ ላክነው። ደበቅነው ማለት ነው። እንደ ወንጀለኛ።

የምረቃው ቀን ጠዋት ሜዳው ዳር ድንኳን ተተከለ። ጋሪዋ መሐል ቆመች፣ አምባላይ ከነጌጡ ተጠመደባት፣ ቀይ ሪባን በደረቱ ፊት ከእንጨት እንጨት ተወጠረ። እኛ ዘጠኙ በአዲስ ቀሚሳችን ተደረደርን። መጠበቅ ጀመርን።

«የት ደረሱ?» እንላለን።

አቶ ምናለ ስልኩን ያይና «ዳንግላ ናቸው፤ ሊነሱ ነው» ይላል።

ከብዙ ቆይታ በኋላ፣ «አሁንስ?»

«ዳንግላ ናቸው። እዚያም ምረቃ አለ።»

አሁንም ቆይቶ፣ «ምሳ ላይ ናቸው።»

«በጠዋቱ?» አልኩ። «እኚህ ሰውዬ ዳንግላ ላይ ሥር አበቀሉ እኮ። ውሃ የሚያጠጣቸው ማነው?»

ሴቶቹ ሳቁ፤ እትዬ ዘውድነሽ ገላመጡኝ። ስልኬ የጮኸው ይሄኔ ነው።

«አንጓች ነሽ? ሙላት ነኝ፣ ከጥርባ በኩል። ታደለ ስልክ አያነሳልኝም። ጋሪው የት ደረሰ?»

«ምን ጋሪ?»

«አትጠገብ ወለደች። ልጅቱ ደህና ናት። እንግዴ ልጁ ግን አልወረደም፣ ደሙም አልቆመም። ፊቷ አመድ መስሏል።»

አትጠገብን አውቃታለሁ። ገና ልጅ ናት፤ የሠርግ ቀሚሷን የሰፋሁት እኔ ነኝ። ወገቧ ከመጥበቡ የተነሳ «አንቺን ለመስፋት ክር አያስፈልግም» ብያት ነበር።

«በቃሬዛ አውጧት! መንገድ ላይ እንገናኝ!» አልኩት።

«ጎረቤቶቼ ቃሬዛ ይዘው መጥተው ነበር እኮ። ጋሪ ይመጣል ብዬ መለስኳቸው። አሁን ሁሉም ዘር ላይ በየማሳው ተበትኗል። እናንተ አይደላችሁ ቃሬዛውን ያስጣላችሁን?»

ከዚያ ኔትወርኩ ጠፋ።

ለአምቡላንሱ ሾፌር ደወልን። በጫግኒ መንገድ ሌላ እናት ይዞ እየተጓዘ ነበር፤ እሱን ምን እንለዋለን? ባጃጅ ያንን ጭቃ ገና ከሩቅ ሲያየው ነው የሚያለቅሰው። ለታደለ ደወልን። ጥሪ አይቀበልም አለ። ቡሌ ግምጃ ቤት ሣር እየጋጠ ነው። እኛ ጋ ያለው አምባላይ ነው።

«ጋሪዋ ትሂድ» አልኩ።

«በፍጹም!» አለ አቶ ምናለ። «ሪባኑ ሳይቆረጥ? እንግዳው እየተነሱ ነው፣ ትንሽ ጠብቁ።»

«ደሙንም እንዲህ ብለህ ንገረው። እንግዳው እየተነሱ ነው፣ ትንሽ ጠብቅ በለው!»

እትዬ ዘውድነሽ አንዴ ድንኳኑን፣ አንዴ ጋሪዋን አዩ። ከዚያ በአስተማሪ ድምፃቸው «ውጡ!» አሉ። «ጋሪዋ ላይ ውጡ። አያ አለኸኝ፣ ይቅር ይበሉን፤ ፈረሱ ይጎትታል።»

አያ አለኸኝ ኩሩ ቢሆኑም ሰው ናቸው። የሴትዮዋን ነገር ሰምተዋል። አልተከራከሩም፤ ልጓሙን ያዙና «ና ልጄ፣ ና ወንዱ» እያሉ ፈረሱን ለመኑት። አምባላይ ንቅንቅ አላለም። ወደ ኋላው ዞሮ ጋሪዋን አያት፤ እንደዚያ ያለ ንቀት በሰው ፊት ላይ እንኳ አይቼ አላውቅም። ገፋነው። ደበደብነው። ለመንነው። እኔ በቅዱስ ጊዮርጊስ ስም ለመንኩት።

ከድንኳኑ ጀርባ የነበሩ ሴቶች እኛን ጋሪ ላይ ወጥተን ስንጮህ አይተው ምረቃው የተጀመረ መሰላቸው። አንዷ እልል አለች። ተከትለው ሁሉም እልልታውን አቀለጡት።

አምባላይ ደግሞ በዕድሜው ሙሉ የሚያውቀው አንድ ነገር ነው፦ እልልታ ሲሰማ መጋለብ። ሁለት እግሩን ሰማይ ሰቀለ። ጠፍሩ ተበጠሰ፣ ጋሪዋ ወደ ኋላ ተቀመጠች፣ እኔ ፍራሹ ላይ ተንከባለልኩ። ፈረሱ ሪባኑን በደረቱ በጥሶ ሜዳውን አቋርጦ ሄደ። አያ አለኸኝ ከኋላው «ያዙልኝ!» እያሉ ሮጡ። ሴቶቹ ደግሞ ሲያዩት ጊዜ እልልታውን ጨመሩበት፤ በጨመሩበት ቁጥር እሱም ፍጥነት ይጨምራል። ወደ ቲሊሊ ያቀና ይመስላል።

ጋሪ አለን። ፈረስ የለንም። አትጠገብ ደም እየፈሰሳት ነው።

ማን እንደጀመረ አላውቅም። አንዷ አንዱን እንጨት ያዘች፣ እኔ ሌላውን ያዝኩ፤ የቀሩት ከኋላ ገፉ። እትዬ ዘውድነሽ ጫማቸውን አውልቀው በእጃቸው ይዘው ከፊት ከፊት ይሮጣሉ። እንዲህ ሆነን ከተማውን አለፍን። የጋሪ ነጂዎቹ ፌርማታ ላይ አንዱ «እንዴ! የዚህ ፈረስ ገብስ ስንት ኩንታል ነው?» ብሎ በእኔ ውፍረት ቀለደ። በሌላ ቀን መልሴ አጥንቱን በሰበረው ነበር። ያን ቀን የማወጣው ትንፋሽ አልነበረኝም። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ተሰድቤ ዝም አልኩ።

አስፋልቱ ሲያልቅ ዝናቡ ጀመረ። ጭቃው እስከ ጉልበት ነው ብል እያጋነንኩ ነው፤ እስከ ባት ነበር። ያልደረቀው ቀለም በዝናቡ እየለቀቀ እጃችንንና ቀሚሳችንን ቀይ አደረገው። የማስበው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ቡሌ ቢሆን ኖሮ እስካሁን ደርሶ ተመልሷል። በየርምጃው «ቡሌ ቢሆን፣ ቡሌ ቢሆን» እላለሁ። እንደ ጸሎት ሳይሆን እንደ እርግማን።

ሙላት ሚስቱን በጀርባው አዝሎ መንገድ ዳር አውጥቷት፣ ቀርከሃ ሥር አስተኝቷት አገኘነው። እናቱ ሕፃኗን በጋቢ ጠቅልለው ይዘዋል። አሮጊቷ እኛን ሲያዩ በአዊኛ አንድ ረጅም ነገር ተናገሩ። ከእኛ መሐል አዊኛ አጥርታ የምትናገረው የሻረግ ናት፤ አንገቷን ደፋች።

«ምን አሉ?» አልኳት።

«አይተረጎምም።»

«ንገሪኝ እንጂ።»

«'ባታታልሉን ኖሮ ገና ጎሕ ሲቀድ እናደርሳት ነበር' ነው የሚሉት።»

አትጠገብ ዓይኗን ገለጠች። እኔን አየችኝ። «አንቺ ነሽ?» አለች በቀጭን ድምፅ። «ልጄን እንዳይረሷት።» እግሯን አቅፌ ፍራሹ ላይ አወጣኋት።

መመለሻው ዳገት ነው። ሙላት ከእኔ ጎን እንጨቱን ያዘ። አሮጊቷም ሕፃኗን እንዳቀፉ በአንድ እጃቸው ከኋላ ይገፋሉ።

አስፋልቱን ይዘን ሜዳው አጠገብ ስንደርስ መኪኖች ተደርድረዋል፤ ሕዝቡ መንገዱን ሞልቶታል። እንግዳው ደርሰዋል። ዳንግላ ለቃቸዋለች። አቶ ምናለ እኛን ሲያይ ፊቱ በራ፣ ሮጦ ከፊታችን ቆመ።

«ጎበዞች! እዚህ ጋ፣ እዚህ ጋ ቆማችሁ። አንድ ፎቶ ብቻ!»

እንግዳው ጃንጥላ ተይዞላቸው ወደ እኛ ተራመዱ። ጭቃ የለበሱ ሴቶች ጋሪ ሲጎትቱ፣ ፍራሽ ላይ ሴት ስታቃስት አዩ። ፈገግ አሉ። ማጨብጨብ ጀመሩ።

«በጣም ግሩም ነው!» አሉ። «የእናቶችን የቀድሞ ሥቃይ በድራማ ማሳየታችሁ... ቀለሙም እውነተኛ ደም ነው የሚመስለው!»

ሕዝቡም አጨበጨበ። አጨበጨበ ነው የምላችሁ። አትጠገብ እየሞተች፣ እንጅባራ አጨበጨበላት።

በዚያች ሰዓት ከአፌ የወጣው ድምፅ የእኔ መሆኑን አላወቅሁም። «ድራማ አይደለም! መንገድ!» ብዬ ጮህኩ። እጄን ዘረጋሁላቸው። አንዱ መዳፌ በቀለም፣ ሌላው በአትጠገብ ደም ቀልቷል፤ እኔ ራሴ የቱ የቱ እንደሆነ መለየት አልቻልኩም። ሰውዬው አዩት። ጭብጨባው እጃቸው ላይ ቀረ። «መኪናውን! መኪናውን አምጡ!» አሉ። ሾፌራቸው በሩን ከፈተ። ነገር ግን ከኋላው መኪና፣ ከፊቱ ድንኳን፣ ዙሪያውን ሕዝብ ነው። እሱ ወደፊት ወደኋላ ሲል እኛ ጎትተን አለፍን። መኪናው ዞሮ ሲወጣ ጤና ጣቢያው በር ላይ ነበርን።

አዋላጇ በሩን ዘጋችው። እኛ በረንዳው ላይ ተቀመጥን። እትዬ ዘውድነሽ ጫማቸውን አሁንም በእጃቸው እንደያዙ ናቸው። «እኔ ነኝ» ይላሉ፤ «ለእንግዳ ዓይን ብዬ።» ማንም «ኧረ አይደሉም» አላላቸውም፤ ሁላችንም አጨብጭበን ነበር ፈረሱን የተዋስነው። ሙላት ግድግዳውን እያየ ቆሟል። ሕፃኗ አለቀሰች፣ ተኛች፣ እንደገና አለቀሰች። ዝናቡ ቆመ።

በሩ ተከፈተ። አዋላጇ ላብዋን በክንዷ ጠርጋ አየችንና፣ «አጥሚት የሚሠራላት ማነው?» አለች።

ለሞተ ሰው አጥሚት አይሠራም። ዘጠኛችንም በአንድ ጊዜ «እኔ!» አልን። አሮጊቷ ትርጉሙን ሳይጠብቁ ገባቸው፤ መሬቱን ሳሙ።

በሳምንቱ አቶ ምናለ መጣ። ጋሪዋ እንደገና ትመረቅ አለ፣ ፎቶው አላማረም ነበርና። እትዬ ዘውድነሽ መልስ ከመስጠታቸው በፊት እኔ ተነሣሁ።

«ምናለ» አልኩት፣ አቶውን ትቼ። «ጋሪዋ ስትሄድ ፎቶ አንሳት። አትቆምልህም።»

ቀልድ የሌለበት ንግግሬን የሰማ ሰው ሁሉ ደነገጠ። ምናለ ወጥቶ ሄደ። በኋላ ሲወራ እንደሰማሁት ሪፖርቱ ላይ «ተመርቆ አገልግሎት ጀምሯል» ብሎ አስገብቶታል። የመረቀው አምባላይ መሆኑን ግን አልጻፈም።

በዚያው ስብሰባ፣ ታደለ በሌለበት የሚነዳ ሰው ይኑር ተባለ፤ እኔ ነኝ አልኩ። ሳቁብኝ። ታደለ ጠፍር አጣብቆ ማሰርን አስተማረኝ፣ ቡሌ ደግሞ ትዕግሥትን። መቀሱን ለእህቴ ልጅ ሰጠሁና ባለጋሪ ሆንኩ። እነዚያ ፌርማታ ላይ ያሉት ነጂዎች ለወራት አፌዙብኝ፤ ንዴቴ እስኪበርድ ሳይሆን እነሱ እስኪሰለቻቸው ድረስ ቻልኳቸው። ንዴቴ እስከ ዛሬ አልበረደም። እውነቱን ልንገራችሁ፣ እንዲበርድም አልፈልግም።

እናንተ የምታነቡኝ ሰዎች፣ ምረቃ ላይ ተጠርታችሁ ያማረ ነገር ስታዩ አጨብጭቡ፣ ማን ይከለክላችኋል። ግን ከማጨብጨባችሁ በፊት ያላማረውን የት እንደደበቁት ጠይቁ። ምናልባት የሚሠራው እሱ ነው። እኛ እናት ልናድን የተሰበሰብን ሴቶች፣ አንድ የተቀደደ ጆሮ አሳፍሮን እናት ልንገድል ነበር።

አትጠገብን በገበያ ቀን አገኛታለሁ። ድንች ትሸጣለች፤ ልጇ ከጎኗ ቁጭ ብላ ድንቹን በጭቃ ትቀባለች። ሰው በዚያ ቀን ለሆነው ነገር ያመሰግነኛል፤ እሷ አመስግናኝ አታውቅም፤ እኔም አልጠበቅሁም። ገና ከሩቅ ስታየኝ፣ እንደምን ዋልሽ ከማለቷ በፊት የምትጠይቀኝ አንድ ነገር ነው።

«ፈረሱ አለ?»

መቶ ቀልድ ምላሴ ጫፍ ላይ ይመጣል። ሁሉንም እውጣቸዋለሁ።

«አለ» እላታለሁ። «ውጭ ታስሯል። መጥተሽ እዪው።»

እሷም ድንቿን ለጎረቤቷ ታስጠብቅና፣ መጥታ ታየዋለች።